«ዲ ላይ ስለጫንኩልህ አይጠፋም» የሚለው አባባል ይታረም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በቅድሚያ የአክብሮት ሰላምታዬን አቀርባለሁ። የምኖረውም የምሠራውም በአዲስ አበባ ዳርቻ፣ የአዳማው ፈጣን መንገድ በሚጀምርበት በቱሉ ዲምቱ ነው። ከኮንዶሚኒየሞቹ ሥር በምትገኝ አንዲት ክፍል የጽሕፈት፣ የኮፒና የኮምፒውተር ጥገና አገልግሎት መስጠት ከጀመርኩ ስምንት ዓመት ሆኖኛል። ይህን ደብዳቤ እንድጽፍ ያነሣሣኝ በእነዚህ ዓመታት ከደንበኞቼ አፍ ደጋግሜ የሰማሁት፣ እነርሱም ከባለሙያ ሰምተው ያመኑት አንድ አባባል ነው። «ፕሮግራሞቹን በሁለተኛው ሃርድ ዲስክ፣ በዲ ላይ ስለጫንኩልህ፣ ሲ ፎርማት ቢደረግም አይጠፉም» ይባላሉ። ሲ ዊንዶውስ የሚቀመጥበት ክፍል፣ ዲ ደግሞ ሌላው የማስቀመጫ ክፍል ነው፤ ፎርማት ማድረግም ክፍሉን ሙሉ በሙሉ ማጽዳት ማለት ነው። አባባሉ ስሕተት ነው፤ ሰዎችም እሱን አምነው ንብረታቸውን ሲያጡ በዓይኔ ስላየሁ ዝም ማለት አልቻልኩም። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ካቆመ ወዲህ ደግሞ ዊንዶውስን እንደገና የሚያስጭኑ ደንበኞች በእኔ ቤት እየበዙ በመሄዳቸው ጉዳዩ ይበልጥ አስቸኳይ ሆኖ ታይቶኛል።

በሰፈራችን የምትኖር አንዲት ወጣት የሒሳብ ባለሙያ አለች። በገላን አካባቢ የሚገኙ የሦስት አነስተኛ ድርጅቶችን ሒሳብ ቤቷ ሆና ፒችትሪ በተባለው የሒሳብ ፕሮግራም ትሠራለች። ላፕቶፗ እየዘገየ ሲያስቸግራት መሀል ከተማ ወስዳ ዊንዶውስ በአዲስ አስጫነች። ፒችትሪው ከዓመት በፊት «ለደኅንነቱ ሲባል» ዲ ላይ ተጭኖላት ስለነበር፣ ባለሙያው ሲን ብቻ እንደሚያጸዳ ሲነግራት ምንም አልሰጋችም። ወደ ቤቷ ተመልሳ ስትከፍተው የፒችትሪው ፎልደር ዲ ላይ እንዳለ ነው፤ ፕሮግራሙ ግን አልነሣም አለ። ማምሻውን ወደ እኔ ዘንድ መጥታ «ጋሼ፣ ሁሉም ነገር አለ፤ ግን አይከፍትም» ስትለኝ ፊቷ ላይ የነበረውን ድንጋጤ አልረሳውም። ፕሮግራሙን እንደገና መጫን የአንድ ሰዓት ሥራ ነበር። ልብ የሚሰብረው የተገኘው ከዚያ በኋላ ነው፤ ፒችትሪ ሲጫን የፕሮግራሙን ቦታና የድርጅቶቹ ሒሳብ የሚቀመጥበትን ቦታ ለየብቻ ያስመርጣል። የጫነላት ሰው የመጀመሪያውን ወደ ዲ ሲቀይር ሁለተኛውን እንዳለ ተወው። የሦስቱ ድርጅቶች የአራት ወር ሒሳብ ሲ ላይ ነበር፤ ከሲ ጋር ጠፋ። ከደረሰኝና ከባንክ ወረቀት እየለቀመች እንደገና ለመመዝገብ አምስት ሳምንት ፈጀባት።

ነገሩ ለምን እንዲህ እንደሚሆን በቀላል ቋንቋ ማስረዳት የሚቻል ይመስለኛል። አንድ ፕሮግራም በዊንዶውስ ላይ ሲጫን በአንድ ፎልደር ውስጥ ተጠቅልሎ የሚቀመጥ ዕቃ አይደለም። ዋናው አካሉ እኛ በመረጥንለት ቦታ ይቀመጣል፤ ነገር ግን የት እንዳለ፣ ማን እንደጫነው፣ የፈቃድ ቁጥሩ ምን እንደሆነ፣ የትኛውን ዓይነት ፋይል እንደሚከፍት የሚገልጸው መረጃ ሬጂስትሪ በሚባለው የዊንዶውስ መዝገብ ውስጥ ይጻፋል፤ ይህ መዝገብ ደግሞ ምንጊዜም የሚኖረው ዊንዶውስ ባለበት በሲ ላይ ነው። ከሌሎች ፕሮግራሞች ጋር በጋራ የሚጠቀምባቸው ፋይሎችም፣ የእያንዳንዱ ተጠቃሚ ምርጫና ማስተካከያም እንዲሁ ወደ ሲ ይሄዳሉ። ስለዚህ ሲ ሲጸዳ በዲ ላይ የሚቀረው ፎልደር፣ ቤቱ ቆሞ ሳለ ካርታውና ማኅደሩ ከመሬት አስተዳደር እንደጠፋበት ሰው ንብረት ነው፤ ግድግዳውን በዓይናችን እናየዋለን፣ በመዝገብ ግን የለም። እኛ የከተማ ዳር ነዋሪዎች ይህ ምን ማለት እንደሆነ ለማስረዳት ሌላ ምሳሌ አያስፈልገንም። እርግጥ ነው፣ ሳይጫኑ በቀጥታ ከፎልደራቸው የሚሠሩ፣ «ፖርተብል» የሚባሉ አንዳንድ ትናንሽ ፕሮግራሞች አሉ፤ እነዚህ ሲ ቢጸዳም ዲ ላይ ሆነው መሥራታቸውን ይቀጥላሉ። ለቢሮ ሥራ የምንጠቀምባቸው ትላልቆቹ ግን ከእነዚህ ወገን አይደሉም።

ከዚህም የባሰ ሌላ አለመግባባት አለ። አብዛኛው ደንበኛዬ «ሁለተኛ ሃርድ ዲስክ አለኝ» ብሎ የሚያመጣው ኮምፒውተር ውስጡ ሲታይ ሃርድ ዲስኩ አንድ ብቻ ነው። አንዱ ዲስክ በፓርቲሽን ለሁለት ተከፍሎ ግማሹ ሲ፣ ግማሹ ዲ ተብሏል፤ ልክ አንድ ክፍል ቤት በመጋረጃ እንደሚከፈለው ማለት ነው። ይህ አከፋፈል በራሱ ነውር የለበትም፤ ዊንዶውስ ሲበላሽ ሲን ብቻ አጽድቶ በዲ ያለውን ሰነድ ማትረፍ ያስችላል። ነገር ግን ዲስኩ ራሱ ሲሞት ሲም ዲም በአንድ ቀን ይሞታሉ። ባለቤቱ ሰነዱን «በሌላው ዲስክ ላይ አስቀምጬዋለሁ» ብሎ ተማምኖ ሳለ ሌላ የሚባል ዲስክ አልነበረም። ለማጣራት ባለሙያ መሆን አያስፈልግም፤ ታስክ ማኔጀር የተባለውን የዊንዶውስ መቆጣጠሪያ ከፍቶ ፐርፎርማንስ በሚለው ገጽ ላይ ዲስክ 0 ከሚለው ጽሑፍ አጠገብ ያሉትን ፊደላት ማየት ይበቃል። ሲና ዲ ሁለቱም በዲስክ 0 ሥር ከተጻፉ ዲስኩ አንድ ነው፤ በዩኤስቢ የተሰካ ነገር ሳይኖር ዲስክ 1 የሚል ለብቻው ከታየ ግን በእርግጥ ሁለተኛ ዲስክ አለ።

በነገራችን ላይ፣ አንድ ቴራባይት ብለው የገዙት ዲስክ 931 ጊጋባይት ብቻ ሲያሳያቸው ተታለልን ብለው ከሻጭ ጋር የተጣሉ ሰዎች ገጥመውኛል። ይህ ማታለል አይደለም። አምራቾቹ በ1000 እያበዙ ሲቆጥሩ ዊንዶውስ በ1024 እያበዛ ስለሚቆጥር የሚመጣ ልዩነት ነው፤ በዚሁ ስሌት 500 የተባለው 465፣ 120 የተባለው ደግሞ 111 ያህል ሆኖ ይታያል።

አሁን እውነተኛ ሁለተኛ ዲስክ ወዳላቸው ልመለስ። ኤስኤስዲ የሚባለው ፈጣን፣ የማይሽከረከር ዲስክ ዋጋው ባለፉት ዓመታት ከበፊቱ ቀልሎ ስለነበር፣ በአሮጌ ላፕቶፕ ላይ የሲዲ ማጫወቻውን አውጥቶ በቦታው በማቀፊያ ሁለተኛ ዲስክ ማስገባት እዚህም እኛ ሰፈር የተለመደ ሆኗል። ማቀፊያው በ9.5 እና በ12.7 ሚሊ ሜትር ውፍረት ስለሚመጣ ሳይለኩ መግዛት ለሁለተኛ ጊዜ ታክሲ ከመሳፈር ሌላ ጥቅም የለውም። እኔን ያሳዘነኝ ግን የሚሠራው ነገር ተገላቢጦሽ መሆኑ ነው፤ ዊንዶውሱና ፕሮግራሞቹ በአሮጌው በሚሽከረከረው ዲስክ ላይ ይተዉና አዲሱ ኤስኤስዲ ዲ ተብሎ ፊልምና ፎቶ ይጫንበታል። ደንበኛው ገንዘቡን ከፍሎ ኮምፒውተሩ እንደበፊቱ ይንቀራፈፋል። የተለመደው የላፕቶፕ ሃርድ ዲስክ በደቂቃ 5400 ጊዜ ይሽከረከራል፤ አንዱ ዙር 11 ሚሊ ሰከንድ ያህል ስለሚፈጅ፣ አንድ ፕሮግራም ሲከፈት በየቦታው የተበተኑ ብዙ መቶ ትናንሽ ፋይሎችን እየፈለገ ለማንበብ የሚያባክነው ጊዜ ከእነዚህ ጥቃቅን ጥበቃዎች የተጠራቀመ ነው። ኤስኤስዲ የሚሽከረከር አካል ስለሌለው ይህን ጥበቃ አያውቀውም፤ በሳታ ገመድ የሚገናኘው ዓይነት እንኳ በሰከንድ እስከ 550 ሜጋባይት ያህል ማንበብ ይችላል። ፊልም ግን በዝግታ በሚሽከረከረውም ዲስክ ላይ ሳይቆራረጥ ይታያል። ስለዚህ ፈጣኑ ዲስክ የዊንዶውስና የፕሮግራም፣ ሰፊው ዲስክ የሰነድ፣ የፎቶና የፊልም መሆን አለበት።

ዊንዶውስን በአዲሱ ኤስኤስዲ ላይ ሲጭኑ አሮጌውን ዲስክ ለጊዜው ነቅሎ ማስቀመጥ እጅግ አስፈላጊ ነው። ሁለቱም ተሰክተው ሳለ ከተጫነ፣ ኮምፒውተሩ ሲበራ መጀመሪያ የሚነበበው የማስነሻ ክፍል በአሮጌው ዲስክ ላይ ሊቀር ይችላል። ከወራት በኋላ አሮጌው ዲስክ ሲበላሽ ወይም ሲወጣ፣ በኤስኤስዲው ላይ ያለው ዊንዶውስ ጤነኛ ሆኖ ሳለ ኮምፒውተሩ አልነሣም ይላል። ይህን ባለማወቅ «ኤስኤስዲው ተቃጠለ» ተብለው ሌላ የገዙ ሰዎች አውቃለሁ።

ኤስኤስዲው ትንሽ ከሆነና ቦታ ካነሰ፣ አንዳንድ ፕሮግራሞችን በሁለተኛው ዲስክ ላይ መጫን የግድ ይሆናል፤ እኔም ይህን አልቃወምም። የምቃወመው አጫጫኑንና የሚሰጠውን የሐሰት ዋስትና ነው። ትክክለኛው መንገድ ፕሮግራሙ ሲጫን «ኔክስት፣ ኔክስት» እያሉ ከማለፍ ይልቅ ከስተም የሚለውን መርጦ፣ ብራውዝ በሚለው ቁልፍ አማካይነት በዲ ላይ በተዘጋጀ ፎልደር መጠቆም ነው። ቀድሞ ሲ ላይ የተጫነውን ፎልደር ቆርጦ ዲ ላይ መለጠፍ ግን አይሆንም፤ ሬጂስትሪው የሚያውቀው የድሮውን አድራሻ ስለሆነ ፕሮግራሙ ይጠፋበታል። አስቀድሞ በሥርዓቱ ማራገፍ፣ ከዚያ እንደገና መጫን ነው። ሁሉም ፕሮግራም ምርጫ አይሰጥም፤ ማይክሮሶፍት ኦፊስ ለምሳሌ ከ2013 ወዲህ ባሉት በተለመዱት እትሞቹ ቦታ ሳያስመርጥ ዊንዶውስ ባለበት ዲስክ ላይ ይጫናል። በዊንዶውስ 10 እና 11 ሴቲንግስ ውስጥ አዳዲስ አፖች የሚቀመጡበትን ዲስክ የሚያስመርጠው ቦታ የሚያገለግለው ደግሞ ከማይክሮሶፍት ስቶር ለሚወርዱት እንጂ በፍላሽ ላመጣነው የመጫኛ ፋይል (ሴታፕ) አይደለም። ፎቶሾፕ ላይ የሚሠሩ የሰርግ ፎቶ አንሺዎች ብዙ ጊዜ የሚጨነቁት ስለ ፕሮግራሙ ቦታ ነው፤ በርግጥ ሲን የሚሞላባቸው ግን ፎቶሾፕ ሲሠራ በጊዜያዊነት የሚጽፈው ፋይል ነውና፣ ፕሮግራሙን ሳያነሡ በፕሪፈረንስ ውስጥ ስክራች ዲስክ የሚለውን ብቻ ሌላ ዲስክ ላይ ማዞር ችግሩን ያቃልላል።

በዩኤስቢ በሚሰካ ኤክስተርናል ዲስክ ላይ ፕሮግራም መጫን ደግሞ ፈጽሞ የማልመክረው ነገር ነው። ዛሬ ኢ የተባለው ዲስክ ነገ ፍላሽ ቀድሞ ከተሰካ ኤፍ ሊባል ይችላል፤ ፕሮግራሙም በተመዘገበበት ፊደል አይገኝም። በውስጥ ለሚገባው ዲስክም ቢሆን ፊደሉን በዲስክ ማኔጅመንት አንድ ጊዜ ወስኖ ፕሮግራም ከተጫነበት በኋላ አለመንካት ነው።

ሁለተኛው ዲስክ እንደ እኛ ላለ የከተማ ዳር ነዋሪ በእውነት የሚጠቅመው በምንድን ነው የሚለው ጥያቄ ለእኔ ከሁሉ ይበልጣል። የእኛ ሰፈር ሰው ኢንተርኔት የሚጠቀመው በአብዛኛው በስልክ ጥቅል ነው። አንድ ትልቅ ፕሮግራም እንደገና ማውረድ ማለት የቀናት ጥቅል ማቃጠል ወይም ኮምፒውተሩን ተሸክሞ መገናኛ ድረስ መሄድ ነው። ስለዚህ በሁለተኛው ዲስክ ላይ ሊቀመጥ የሚገባው የተጫነው ፕሮግራም ሳይሆን የመጫኛው ፋይል፣ ማለትም ሴታፑ ነው። ከእሱ ጋር የፈቃድ ቁጥሩ በጽሑፍ፣ የዋይፋይና የፕሪንተር ድራይቨሮች (ዕቃዎቹን ከዊንዶውስ ጋር የሚያግባቡ ፕሮግራሞች)፣ የፒችትሪ ባክአፕ (መጠባበቂያ ቅጂ) ይቀመጡ። ሲ በጸዳ ጊዜ ሁሉም እዚያው አጠገብ ይገኛል፤ የአንድ ከሰዓት ሥራ ብቻ ይሆናል። ዶኩመንትስ የሚባለውን ፎልደርም በፕሮፐርቲስ ውስጥ ሎኬሽን በሚለው ክፍል ወደ ዲ ማዛወር ይቻላል፤ ያን ጊዜ ሰውየው ልማዱን ሳይቀይር የሚጽፈው ሁሉ በራሱ ወደ ዲ ይሄዳል። ዴስክቶፕ ላይ የምንደረድራቸው ፋይሎች በሙሉ ሲ ላይ እንደሚቀመጡ የማያውቅ ደንበኛ ብዙ ነው።

በተለይ የአማርኛ ፎንትን ጉዳይ ሳላነሣ ማለፍ አልፈልግም፤ ምክንያቱም ይህ ስለ እኛ ጽሑፍ እንጂ ስለ ፈረንጅ ጽሑፍ ስላልሆነ ሌላ ማንም አይጽፍልንም። አንድ ቀን የሰፈራችን እድር ጸሐፊ የሆኑ አባት የእድሩን መተዳደሪያ ደንብ በፍላሽ ይዘው መጡ። «ልጄ፣ ዊንዶውስ ካስጫንኩ ወዲህ ደንቡ ተበላሽቶብኛል፤ ቫይረስ ገብቶበት ይሆን?» አሉኝ። ከፍቼ ስመለከተው ሙሉው ጽሑፍ የላቲን ፊደልና የምልክት ድብልቅ ሆኗል። ቫይረስ አልነበረም። የግዕዝ ፊደል፣ የዓለም ፊደላት የየራሳቸውን ቁጥር በሚያገኙበት በዓለም አቀፉ የዩኒኮድ ሥርዓት ውስጥ የተካተተው በጎርጎርዮስ አቆጣጠር በ1999 ሲሆን፣ በአገራችን ግን ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት ሰነዶች የሚጻፉት ፊደሎቻችንን በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ በሚያስቀምጡ አሮጌ ፎንቶች ነበር። እንዲህ የተጻፈ ሰነድ የተጻፈበት ፎንት ከሌለ ሊነበብ አይችልም፤ ፎንቶች ደግሞ የሚቀመጡት ሲ ላይ በዊንዶውስ ውስጥ ባለው የፎንት ፎልደር ነው። ሲ ሲጸዳ ከዊንዶውስ ጋር የሚመጡት እንደ ኢብሪማ ያሉት ይመለሳሉ፤ እነዚህ ግን የሚያነብቡት ዩኒኮዱን ነው። ሰነዱ በዲ ላይ በደኅና ተቀምጦ ፎንቱ ከሲ ጋር ይጠፋል። የድሮው ፎንት በእኔ ሁለተኛ ዲስክ ላይ ስለነበረ ጫንኩላቸውና ደንቡ እንደነበረ ተነበበ፤ ሌላ ቦታ ቢሄዱ ኖሮ ግን ከመጀመሪያው እንደገና ይተየብ ነበር። ከ2000 ዓ.ም. በፊት የተጻፉ ሰነዶች ያላችሁ እድሮች፣ ማኅበራትና አብያተ ክርስቲያናት፣ የተጻፉበትን ፎንት ከሰነዱ ጋር በአንድ ፎልደር እንድታስቀምጡ፣ ጊዜ ስታገኙም ወደ ዩኒኮድ እንድታስገለብጡ አደራ እላለሁ።

መብራት መጥፋትና ድንገት በኃይል መመለስ በሚደጋገምበት ሰፈር፣ በአንድ ሳጥን ውስጥ ያሉ ሁለት ዲስኮች በአንድ ጊዜ ሊጎዱ እንደሚችሉም አይዘነጋ። ስለዚህ ዋና ዋናው ሰነድ ከኮምፒውተሩ ውጭ፣ ሥራው ሲያልቅ ተነቅሎ በሚቀመጥ ዲስክ ላይ ሌላ ቅጂ ይኑረው።

ለሙያ አጋሮቼ የማቀርበው ጥያቄ ቀላል ነው። ኮምፒውተር ፎርማት ከማድረጋችን በፊት ባለቤቱን «ሒሳብ የምትሠሩበት ፕሮግራም አለ ወይ? መዝገቡስ የት ነው የተቀመጠው? በድሮ ፎንት የተጻፈ ሰነድ አላችሁ ወይ?» ብለን እንጠይቅ፤ ደንበኛው ካላወቀም እኛው ከፍተን እንፈልግ። ሥራው ሲያልቅ ደረሰኙ ላይ ዲስኩ አንድ ይሁን ሁለት፣ ዊንዶውስ በየትኛው ላይ እንዳለ፣ ከሲ ውጭ የተጫነ ፕሮግራም ካለም የትኛው እንደሆነ በአማርኛ ጽፈን እንስጥ። እኔ ይህን ማድረግ ከጀመርኩ ሁለት ዓመት አልፎኛል፤ ከአምስት ደቂቃ በላይ አይወስድብኝም። ያቺ የሒሳብ ባለሙያም አሁን ዘወትር ዓርብ ማታ የፒችትሪ ባክአፗን ከላፕቶፗ ውጭ ባለ ዲስክ ላይ ትገለብጣለች፤ በወሩ መጨረሻ አንድ ቅጂ ለእኔ ትተዋለች፤ እኔም በመሳቢያ ቆልፌ አስቀምጥላታለሁ።

ጋዜጣችሁ የቴክኖሎጂ ጉዳዮችን ሲያስተናግድ ይህን ርዕስ የሚያውቁ ሌሎች ባለሙያዎች አስተያየታቸውን እንዲያክሉበት፣ የተሳሳትኩትም ካለ እንዲያርሙኝ ቦታ እንድትሰጡት በትሕትና እጠይቃለሁ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
የጽሕፈትና የኮምፒውተር ጥገና አገልግሎት ባለቤት፣
ከቱሉ ዲምቱ፣ አዲስ አበባ